የሚያገሱት አጣቢ

ጋሽ አንበሴ ቀን ቀን የቱሪስት ካምፑን ድንኳኖች አንሶላ ያጥባሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አንበሳ ይሆናሉ። ካምፑ በዱር መሀል ነው። ዱሩስ አለ፤ አንበሶቹ ግን የጄኔሬተሩንና የእንግዶቹን ጩኸት መቋቋም አቅቷቸው አካባቢውን ጥለው ከጠፉ ቆይተዋል። እንግዳው ደግሞ ከደመና በለሰለሰ ፍራሽ ላይ ቢተኛም፣ ሳይፈራ ካደረ ተጭበረበርኩ ይላል። ስለዚህ ጋሽ አንበሴ በራት ሰዓት ከቁጥቋጦው ጀርባ ይንበረከኩና ጭንቅላታቸውን ባዶ በርሜል ውስጥ ከተው ያገሳሉ። ያኔ ሹካው ሁሉ ከእጅ ይረግፋል። አንድ ጊዜማ አንድ ጡረተኛ ጄኔራል ከሚስቱ ቀሚስ ሥር ተገኝቷል።

የልጃቸው ሠርግ በደረሰበት ሳምንት ጉሮሯቸው ይከረክር ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዱ።

«ጌታዬ፣ እስከ ቅዳሜ ልረፍ። ልጄን የምመርቅበት ድምፅ ይትረፈኝ።»

«በዚህ ሳምንት? ካምፑ ሞልቷል እኮ ጋሼ! ምርቃት በሹክሹክታም ይሆናል፤ በሹክሹክታ የሚያገሳ አንበሳ ግን የት አለ?»

«ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት።»

«እኔስ ያለኝ አንድ አንበሳ አይደል?» አለና ሳቀ።

ጋሽ አንበሴም ሳቁ፤ ደመወዝ ከፋይ ሲቀልድ አለመሳቅ አይቻልም። ዓርብ ማታ በርሜሉ ዝገቱን እስኪያራግፍ አገሱ።

ቅዳሜ ሙሽራዋ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ቤቱ ጸጥ አለ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን እንደተበሳ ጎማ «ፍስስ» የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«አንበሳው ዛሬ ድመት ሆነ!» አለ አንዱ የሙሽራው አጎት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሚስታቸው ቶሎ ገብተው ምርቃቱን ጨረሱት። ልጅቱ ግን የአባቷን አፍ እያየች አልነሳም አለች፤ ሚዜዋ ናት ጎትታ ያነሳቻት።

ሰኞ ወደ ሥራ ሲመለሱ በርሜሉ የለም። በቦታው ቁመቱ ሰው የሚያህል ድምፅ ማጉያ ቆሟል።

«አይጨነቁ ጋሼ፣» አላቸው ሥራ አስኪያጁ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ እያደረገ፣ «የዓርቡን ግሳት ቀድተነዋል። ከእንግዲህ ጉሮሮዎን ሳያደክሙ አንሶላዎን ብቻ ማጠብ ነው።»

ድምፃቸው በዚያው ቀረ። ልጃቸው የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው። ሲመሽ አንበሳው ባገሳ ቁጥር ደጃፏ ላይ ብቅ ትልና ባሏን ትጠራለች።

«ሰማህ? አባዬ ድኖልኛል! እሁድ መጥቶ ይመርቀናል።»

ጋሽ አንበሴ እስካሁን ወንዙን አልተሻገሩም።