የእናቴ ክሮቶን

ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ሥር ካለው ክሮቶን አንድ ቀይና ቢጫ ዝንጉርጉር ቅጠል ረግፎ አገኘሁና ልቤ ድንግጥ አለ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ለሕክምና ከማርቆስ ባሕር ዳር ስትሄድ፣ ክሮቶኗን «አደራሽን» ብላ ለእኔ ተወችው። እሱ ከደረቀ እሷም የማትመለስ መሰለኝ። ስለዚህ ቤት ከተቀመጠው ጠበል በየጠዋቱ አጠጣው ጀመር። ቅጠሉ ግን ይረግፋል፤ እኔም እየለቀምኩ ፍራሽ ሥር እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ቄሱ አያቴ ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ከተው አሸተቱት።

«ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ተይው፣ ትንሽ ይድረቅለት» አሉኝ።

«ቢሞትስ አባ?»

«እኔም ፈርቻለሁ ልጄ፤ ግን ፍርሃታችንን እሱ ላይ አናፍስሰው።»

ያኔ ክሮቶኑም ዳነ፤ እናቴም ተመለሰች። ዛሬ ደግሞ እዚያው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ስልኳ አይነሳም። አፈሩን በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ውኃ የሞላሁትን ጆግ ግን ከእጄ አላስቀመጥኩትም።