የአባቴ ደም እና የእናቴ ፍርድ

አዲስ የተላገ እንጨት ሲሸተኝ ዛሬም ዞር ብዬ አያለሁ። አባቴ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራ ነበር። ማታ ሲገባ ሰጋቱራውን ከፀጉሩ ላይ ሳያራግፍ ብድግ አድርጎ ያቅፈኝና፣ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ «ይኼኛው ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

አንድ በጋ ከአያቴ የቀረውን መሬት ወሰን ሊያስከብር ወደ መንዝ ሄደ። እዚያም ከአጎቱ ልጅ ጋር ድንበር ላይ ተጣልተው፣ ሰውየው በጥይት መትቶ ገደለው። ገዳዩ ተይዞ፣ ተፈርዶበት ታሰረ። ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ።

ክረምቱ ሲገባ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ከአገር ቤት መጣ። ሳሎናችን ተቀምጦ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን እየዋጠበት፣ ትምህርቱን ጨርሶ የአባታችንን ሱቅ የያዘውን ወንድሜን ሀብታሙን ትኩር ብሎ እያየ ይናገር ነበር።

«የአባትህ ደም እየጮኸ አንተ በር ትገጥማለህ? ሰውየው ቢታሰርም ወንድም አለው።»

ከዚያ ወዲህ ሀብታሙ ምግብ አይበላለትም፣ ከደንበኛም ጋር አይነጋገርም ነበር፤ ሱቁ ስሄድ መዶሻውን እንደያዘ ፈዞ ቆሞ አገኘው ነበር። ጋሽ ታደሰ ክረምቱን ሙሉ ሲመላለስ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሀብታሙን ወደ መንዝ ይዞት ሊሄድ መጣ።

እናቴ በባሏ ታላቅ ወንድም ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች። ያን ቀን ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ወንድምዎን ቀብሬያለሁ። ልጄን አልቀብርም። ነፍሰ ገዳይም አላደርገውም።»

«ታዲያ ለሟች ማን ይበቀልለት?»

«እግዚአብሔር አለ። ከዘገየም እጠብቀዋለሁ።»

«አንቺ ድሮም ባልሽን አትወጂውም ነበር» ብሎ ብቻውን ወጣ፤ ዳግም ቤታችንን አልረገጠም። እናቴ ያን ቃል ዋጠችው። ሳትውል ሳታድር የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዳ፣ የገዳዩ ቤተሰብ ለእርቅ ቢመጣ በሯ ክፍት መሆኑን አስነገረች።

መስከረም ላይ፣ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ ሽማግሌዎች የገዳዩን እናት ይዘው መጡ። አሮጊቷ ጥቁር ለብሰው፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ግቢያችን ውስጥ በግንባራቸው ተደፉ። እናቴ እንድታባርራቸው እየጠበቅሁ፣ እየተመኘሁም ነበር። እሷ ግን ወደ ወንድሜ ዞራ፣ «ድንጋዩን አንሳላቸው» አለችው።

አልተነቃነቀም።

«ሀብታሙ፣ አንሳላቸው። ደሙ እዚህ ይቆማል።»

ሄዶ ድንጋዩን አነሳው፤ ከዚያም እዚያው ተንበርክኮ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አሮጊቷም አብረውት አለቀሱ። እናቴ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥንት ግሪኮችን አሳዛኝ ተውኔቶች መማር ስንጀምር፣ የተውኔቶቹ ታሪክ ለጓደኞቼ የሩቅ ተረት ነበር። አባት ተገድሎ ልጁ እንዲበቀል የሚታዘዝበትን፣ አንዱ ደም ሌላውን እየጠራ ቤት የሚፈርስበትን ገጽ ሳነብ፣ ለእኔ የሚታየኝ ሳሎናችን ውስጥ የተቀመጠው ጋሽ ታደሰ ነበር። በእነዚያ ተውኔቶች አማልክቱ ራሳቸው አንድ ጊዜ ግደል ይላሉ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በቀሉን የሚያስቆም ችሎት ይሰይማሉ። መምህራችን «ከሁለቱ የትኛው ነው መለኮታዊው ፍትሕ?» ብሎ ጠየቀን። እኔም ይህን ጥያቄ ሳልጨርሰው አልተውም ብዬ ቆረጥኩና ትምህርቴን በዚያው ገፋሁበት።

አሁን ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። ያኔ እናቴ የተሸነፈች ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን በዚያች በር ላይ ለመቆም ምን ያህል ጉልበት እንደጠየቃት እያደር ይገባኛል። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ወጥቶ፣ አግብቶ ልጆች እያሳደገ ነው፤ ከሰማይ የወረደበት ነገር የለም። ይህ ፍትሕ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ዛሬም ደፍሬ አዎ አልልም። ሀብታሙ ግን እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዞ እናቴ ጋ ይመጣል፤ ዘንድሮ አባታችን ያልደረሰበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።