በወገቤ ላይ የተነሳው ጠብ

የባሌ ታላቅ እህት ከእብናት የመጣችው ልታስታምመኝ ነው ተብሎ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ ታላቃችን ናት፣ ባሌንም እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። እዚህ ግን እሷ እላታለሁ። አንድ በጋ አብሬያት ስለከረምኩ ይህን ያህል መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ደብረ ታቦር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ሕመሙ የጀመረኝ ቧንቧው በደረቀበት በጋ ነው። ውኃ ከሰፈር ማዶ በጀሪካን እናመጣ ነበር። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ጀሪካኑን ሳነሳ ወገቤ ከዳኝ፤ እዚያው በጉልበቴ ተንበረከክሁ። በሳምንት ይለቅሻል አሉኝ። አለቀቀኝም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ሕመሙ ከወገቤ ወርዶ በግራ ታፋዬ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በሌላው እጄ ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ። ባጃጅ ተሳፍሬ በጥርብ ድንጋዩ መንገድ ሳልፍ ጥርሴን ነክሼ ነው። ቅዳሴ ማስቀደስም ተውኩ፤ መቆሙንም መቀመጡንም አልቻልኩትም።

ያልሞከርኩት የለም። ወጌሻው ጉልበቱን ወገቤ ላይ ጭኖ ሲገፋኝ የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤት እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ጸበልም ገብቻለሁ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ልቤን አረጋግቶልኛል፣ ወገቤን ግን እንደነበረ ነው ይዤው የተመለስኩት። ኪኒኑን ውጬ ውጬ ሆዴ ተቃጠለ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ።

ምስሉን ያየልኝ ዶክተር ገና ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ዲስኩ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል» አለኝ።

«እናትህ አይደለሁም። ቀጥል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ በወጉ ተነጋገርን። ቀዶ ሕክምናው የእግሬን ሕመም ሊያስታግሰው እንደሚችል፣ ስለ ወገቤ ግን ቃል እንደማይገባልኝ ነገረኝ። አደጋውንም አልደበቀኝም።

«ባልሠራውስ?»

«ብዙ ሰው ሳይሠራ ይሻለዋል። እርስዎ ግን መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም ሞክረውታል። አሁን ደግሞ እግርዎ መድከም ጀምሯል። በተረከዝዎ ሲቆሙ የግራ እግርዎ አውራ ጣት አይነሳም፤ አይተውታል? ይሄ በጣም ከባሰ በኋላ ብንሠራው እንኳ ላይመለስ ይችላል።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«የታመምኩት እኔ አይደለሁም» አለኝ። ተናደድኩበት። ስወጣም በሩን ዘጋሁት እንጂ ደህና ዋል አላልኩትም።

ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ባሌ ለእህቱ ደወለ። በማግስቱ ከሰዓት እሷ ጓዟን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ባሌ የጠራት በዋዛ አልነበረም። የእሷ ባል ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ወገቡን ኦፕራሲዮን ሆኖ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልሄደም። ዘመዱ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሷም ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም።

በገባች በሁለተኛው ቀን ፍራሼን ከአልጋ አውርዳ መሬት ላይ አነጠፈችው። ወገብ የሚድነው መሬት ላይ ነው አለች። ከመሬት ለመነሳት በአራት እግሬ ድኼ ወንበር መያዝ ነበረብኝ፤ እሷ ምጣድ ዳር ቆማ ታየኛለች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ እኔ የሌለሁ ይመስል ስለ እኔ ታወራለች። «ትምህርት አበላሻት። ሰው ወገቡን ለቢላዋ ይሰጣል? የእኔ ባል እንዴት ያለ ወንድ ነበር፤ አሁን እንደ ሕፃን አጥበዋለሁ» ትላለች። ጎረቤቶቹ ወደ እኔ ዞረው ከንፈር ይመጥጣሉ። ሬሳዬ የተገነዘ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መድኃኒቴን አጣሁት።

«እትዬ፣ ኪኒኔን የት አደረጉት?»

«ሽንት ቤት ጣልኩት። ኩላሊት ነው የሚጨርሰው።»

«በማን ፈቃድ?»

«ወንድሜን ሽባ ተሸካሚ እንዳታደርጊው ብዬ ነው።»

ባሌ እራት እየበላ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት። ጉርሻውን አላቋረጠም።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እሷ ያየችውን ነው የምትናገረው።»

«አንተ ራስህ ምን ትላለህ ነው ያልኩህ።»

«እኔም እንደሷ ነኝ። ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሳም። ፈራሚው እኔ አይደለሁ? አልፈርምም።»

የተጋባን ዕለት እንኳ እንዲህ በቆረጠ ቃል አልተናገረም። ያን ሰሞን ሁለቱንም ጠላኋቸው። በእርግጥ ጠላኋቸው፤ ሲያኝኩ ድምፃቸውን መስማት ያስጠላኝ ነበር። ግን ከጥላቻው ሥር ፍርሃትም ነበረ። እሷ የምትለው እውነት ቢሆንስ? ብተኛና ባልነሳስ? ማታ ማታ አውራ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ፤ እምብዛም አይታዘዘኝም።

እና የባሏን ነገር ራሴ ሄጄ ላየው ወሰንኩ።

ለእነሱ ክሊኒክ ልሄድ ነው አልኳቸውና መናኸሪያ ሄጄ የእብናት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከሾፌሩ ጎን አስቀመጡኝ። ከደጋው እየወረድን ስንሄድ መንገዱ የወገቤን አጥንት አንድ በአንድ የሚነቅለው መሰለኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ ከጀርባዬ ሸጎጥኩ፤ ምንም አልጠቀመኝም። እብናት ስንደርስ ፀሐዩ ይጋረፋል። ቤታቸው ገበያው ጀርባ ነው። ባሏ ድሮ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ኩንታል ብቻቸውን አንስተው የጭነት መኪና ላይ ይወረውሩ ነበር። አሁን በረንዳው ላይ አልጋ ተዘርግቶላቸው፣ ከጣራው እንጨት ላይ የታሰረ ገመድ ይዘው ቀና ይላሉ። እግራቸው በጋቢ ተሸፍኗል።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ወገብ እንዴት መጣሽ?» አሉኝ።

«ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እውነቱን ይንገሩኝ። ኦፕራሲዮኑ ነው እንዲህ ያደረግዎት?»

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ናቸው።»

ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ገመዱን ሳብ አድርገው ተመቻቹና እንዲህ አሉኝ።

«አዲስ አበባ የገባሁት በሸክም ነው። ከዚያ በፊት አንዱ እግሬ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሽንቴ አመለጠኝ። የዚህ አገር ሐኪም ዛሬውኑ ሂድ፣ አትደር አለኝ። እሷ ግን ሰው አይቶ ያማኛል፣ ቢቀድዱትም ይሞትብኛል ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ከአንዱ ጸበል ወደ ሌላው በበቅሎ ስትወስደኝ ክረምቱ አለፈ። ሐኪሙ ሲቀድደኝ የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ ዘግይታችኋል አለ።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አይናገሩም?»

«ለማን ልናገር? የምታበላኝ እሷ፣ የምታጥበኝ እሷ። ተናግሬስ የት ልሄድ?»

«ቶሎ ቢሠሩት ይድኑ ነበር?»

«እኔ እንጃ! ማን ያውቃል? አንቺንም አድርጊው ወይ ተዪው አልልሽም። ግን እኔን ሰው ማስፈራሪያ ስታደርገኝ አልወድም። ይሄን እወቂልኝ።»

እሷ በሌለችበት የምታስታምማቸው ምራታቸው ውኃ አቀረበችልኝ። ጠጥቼ ተነሳሁ። ስሰናበታቸው እጄን ያዝ አድርገው «ከእኔ ሰማሁ ግን አትበያት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። መኪና ውስጥ ገብቼ ሳስበው ከማን ሰማሁ ልላት እንደምችል አልታየኝም። ደግሞም ዝም ማለት አልፈለግሁም።

ቤት ስደርስ እሷ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አንዲት ጎረቤትም አጠገቧ ነበረች።

«የት ዋልሽ?» አለችኝ።

«እብናት።»

እጇ ቆመ። «ማን ጋ?»

«ባልሽ ጋ።»

አንቺ ያልኳት ያን ጊዜ ነው። አምልጦኝ አይደለም። መንገዱን ሙሉ በአፌ ይዤው መጣሁ። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ባሌ ከጓዳ ወጣ።

«እህቴን አንቺ አልሻት?»

«አልኳት። ጠይቃት እስቲ፤ ሰውየው ሽንቱ ሲያመልጠው በሩን የዘጋበት ማን እንደሆነ ጠይቃት።»

ሰፌዱን ወረወረችው። ምስሩ ክፍሉን ሞላው። «እንዲህ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ይመስልሻል?» ብላ ጮኸች። «ሲያቃስት የሰማሁት እኔ ነኝ! ይሞትብኛል ብዬ ነው! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ስለፈራሽ እሱ ተቀመጠ። እኔን ግን አታስቀምጪኝም።»

ተንበርክካ ምስሩን ትሰበስብ ጀመር። አላዘንኩላትም። ዛሬ ብጠየቅም አዘንኩላት አልልም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጓዟን ሰብስባ ሄደች፤ ባሌ እስከ መናኸሪያ ሸኛት። 

ለዶክተሩ ደወልኩለትና ባሌ ካልፈረመ ምን እንደማደርግ ጠየቅሁት። «አእምሮዎ ደህና ነው፣ ራስዎ ይፈርማሉ። አስታማሚ ግን ይዘው ይምጡ» አለኝ። ከጎኔ ክፍል የምታስተምረውን ባልደረባዬን ለመንኩ፤ እሺ አለችኝ። የምንሄድበት ቀን ግን ባሌ ራሱ ፔርሙዝ አንጠልጥሎ መኪናው ጋ ቆሞ አገኘሁት።

«ለምን መጣህ?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

«እኔም ለዚያው ብዬ ነው የማስከትልህ። ግባ።»

ባልደረባዬን አመስግኜ አስቀረኋት። ሆስፒታል ገብቼ አረንጓዴውን ልብስ ሲያለብሱኝ የታየኝ እብናት በረንዳ ላይ ያየሁት ጋቢ የሸፈነው እግር ነበር። ልመለስ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ባሌ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፤ ተውኩት ብለው በፊቱ ላይ የሚታየውን እርካታ አሰብኩት። አፌን ዘጋሁ። በንዴት ነው የገባሁት። ድፍረት ነበር ብዬ መዋሸት አልፈልግም።

ስነቃ ወገቤ በመጥረቢያ የተመታ ያህል ያመኛል፤ የእግሬ እሳት ግን የለም። ፈለግሁት፣ የለም። አለቀስኩ። ባሌ «አመመሽ?» አለኝ። «አይ» አልኩት። ሌላ ነገር አልነገርኩትም፤ ሊሰማው የሚገባው አልመሰለኝም።

አውራ ጣቴ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ስደክም ጫማዬ መሬት ይልሳል። ወገቤ በጉና ተራራ በኩል ብርዱ ሲመጣ አሁንም ያመኛል። ከባድ ነገር አላነሳም፣ የማስተምረውም ግማሹን ተቀምጬ ነው። ሰው መጥቶ ኦፕራሲዮን ልሁን ወይ ሲለኝ እግርህ ደክሟል? ሐኪምህ ምን አለህ? እለዋለሁ እንጂ ሁን አልለውም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎች መጡብኝ። የሰፈሩ ቄስና ሁለት የባሌ ዘመዶች ናቸው። እሷ ተበድላለች፣ ታላቅሽን አንቺ ብለሽ በሰው ፊት አዋርደሻታል፣ ታርቀሽ ጉልበቷን ሳሚ አሉኝ።

«እሷስ የባሏን ጉልበት ስማለች?» አልኳቸው።

«ያ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፤ እኛ ለእሱ አልመጣንም» አሉ ቄሱ።

«እንግዲያውስ እኔን ጎንበስ እንዳልል ሐኪም ከልክሎኛል።»

አንደኛው ሊስቅ ፈልጎ ባሌን አየና ተወው። ጠላቸውን ጠጥተው ተነሱ። ባሌ እስከ አጥሩ በር ሸኛቸውና እዚያው ቆሞ ከእነሱ ጋር ብዙ ሲያወራ ቆየ። የሚያወሩት ስለ እኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ አጠብኳቸው።