ባለ አንድ ዓይን መርከበኞች

የጠፈር መርከብ ስሥል ሁልጊዜ የምጀምረው ከማድ ቤቱ ነው። በከዋክብት መካከል የሚኖሩ ሰዎች ምን እንደሚበሉ ሳላውቅ ስለ ሞተሩ ቢያወሩልኝ አላምንም። ከዚያ የመርከቧን ጎን ገልጬ ውስጧን ፎቅ በፎቅ አሳያለሁ፤ መኝታው፣ የዕቃ ማከማቻው፣ የመሪው ክፍል፣ ደረጃ ሥር ተደብቆ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ያለ ሥዕል ስሠራ ልቤ እንደ ሕፃን ይዘላል፤ ቢስቁብኝም ግድ የለኝም።

ይህን አመል ያስያዘኝ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገረው ጀልባ ነው። አባቴ ቄስም ሠዓሊም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የደሴቶቹን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሲሥሉ ኖረዋል። ልጅ ሳለሁ ይዘውኝ ሲሄዱ ሰዉ ሐይቁን ያያል፣ እኔ የሞተሩ ክዳን እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ከታች ዘይትና ግለት፣ ከላይ የጤፍ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ ፍየል፣ ከፍየሉ አጠገብ ጥላ የዘረጉ መነኩሴ። ሞገድ ሲመታን ሁላችንም እኩል «እግዚኦ» እንላለን። የጠፈር መርከብ ከዚህ በምን ይለያል? ማዶው ራቀ እንጂ መንገደኛው ያው ነው።

ዘንድሮ የባንክ ሥራዬን ትቼ ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ ብቻ ልሠራ ቆረጥሁ። ቆረጥሁ ልበል እንጂ፣ አባቴ ይሁን ሳይሉኝ መልቀቂያ ለማስገባት እግሬ እንቢ አለ። ስለዚህ ትልቁን ሥዕሌን ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ዘንዘልማ ቤታቸው ሄድሁና አልጋው ላይ ዘረጋሁት።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ምን በደለሽ?»

«የቱ ሰው፣ አባባ?»

«ሁሉም ባንድ ዓይን ነው እኮ። ሰይጣን ጭነሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ከሃዲ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላል። እኔ ደግሞ መርከበኞቼን ወደሚሄዱበት አዙሬ፣ አንድ ሳላስቀር በጎን ሥያቸዋለሁ። የቀለም ሽታ እየሳበች ያደገች የሠዓሊ ልጅ ይህን ትርሳ? ሳቄም መጣ፣ ፍርሃቴም መጣ።

ከመጣ አይቀር ብዬ ነገሩን አፈረጥሁት። «ባንኩን ልለቅ ነው። እርስዎ ከፈቀዱ ይኸን ብቻ ልሠራ ነው።»

ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አስመጡ። መጀመሪያ የመሪውን ፊት አጠፉና ወደኛ አዙረው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጡት። ቀጥሎ ወጥ ቤቷን። ቀጥሎ ሰነፉን።

«የኖኅን መርከብ ስንቴ ሣልሁ» አሉ ሳይቸኩሉ። «ሁልጊዜ ጎኗን ከፍቼ ነው። ካልተከፈተችማ እንስሳቱ መሳፈራቸውን ማን ያያል?»

ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። የደቁ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ ከታች አንበሳው፣ ከላይ ወፎቹ፣ መሐል ኖኅና ልጆቹ፣ ፎቅ በፎቅ። ከጀልባው ተማርሁት የምለውን ነገር አባቴ ሲሥሉት አጠገባቸው ቆሜ ኖሯል የተማርሁት! ደስታው አላስቆም ብሎኝ ክፍሉን ዞርሁት።

እሳቸው ግን አጎንብሰው መኝታዎቹን እያዩ ነበር።

«ይኸ ባዶው አልጋ የማን ነው?»

«ገና ሰው አልሰጠሁትም።»

«ያለ ቄስ ልትነሡ ኖሯል? ለእኔ ያዢው» አሉና ብሩሹን በእጄ አስያዙኝ።