ደወል ልሞክር ብዬ አገር አስለቀስኩ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ደወል እመታለሁ። እኔ... ሰይድ! ቆሰበር ከተማ ላይ በርና መስኮት የምበይደው ሙስሊም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አቶ ደሴ የሚባሉ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀመንበር በባጃጅ መጡና፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አንድ ከባድ ብረት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዷ አደረጉት። የደወል መምቻ ነው፤ ደወሉ ሆድ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው። የሚታሰርበት ቀለበት ለሁለት ተከፍሏል። አገላብጬ ሳየው ደግሞ ወገቡ ላይ ሽቦ የበላው ጭረት አለ።

«እዚህ ላይ ምን ታስሮበት ነበር?» አልኳቸው።

«አንተ ብየዳህን በይድ!» አሉኝ። ተቆጡ እኮ... እኔም በየድኩ።

ማክሰኞ ልገጥመው ሄድኩ። ደወሉ ከቅጥሩ ውጭ በሁለት የጽድ ምሰሶ ላይ ነው የተሰቀለው። መሰላሉን የያዙልኝ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ናቸው፤ ታሪኩንም ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። ደወሉን በአያቶቻቸው ዘመን ከጣና ዳር በወሳንሳ ተሸክመው፣ እየተፈራረቁ ነው ያመጡት። ከዚያ ወዲህ የሚደውለው አንድ ቤተሰብ ነው። አሁን ተራው የአያ ፈንቴ ነው፤ እሳቸውም ሸብተዋል። መምቻው የሚንጠለጠልበትን ጠፍር እንዳይደርቅ ቅቤ የሚቀቡት፣ ብረቱን በአሸዋ የሚፈትጉት እሳቸው ናቸው።

መምቻው የወደቀ ቀን ታዲያ «ፈንቴ አርጅቶ፣ ገመዱን እንዳገኘ እየጎተተ ሰበረው» ተባለ። ገመዱን ቀሟቸው። ለጊዜው ተብሎ የጭነት መኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ በድንጋይ ይመታ ጀመር። አያ ፈንቴም «እኔ አልሰበርኩም» እንዳሉ አልጋ ላይ ዋሉ።

«ማንም አላመናቸውም?» አልኩ።

«ማን ይመን ልጄ... ስሜ ሳይነጻ አልሞትም ብለው ይኸው ተኝተዋል። ከሰሞኑ እህልም ትተዋል» አሉኝ ጥበቃው።

ሳላያቸው አንጀቴን በሉኝ።

ጠፍሩን አስረን ስንጨርስ ጥበቃው መሰላሉን ወደተዋስንበት ቤት ሊመልሱ ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። በያጅ ደግሞ ሥራውን ሳይሞክር አይሄድም።

አንዴ መታሁት። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅሁ፤ ብየዳው በደንብ ካልያዘ ይንቀጫቀጫል። አልተንቀጫቀጨም። ደገምኩት... ጠበቅሁ። ደገምኩት... ጠበቅሁ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ኮራሁ።

ሰባተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ማዶ የሚያርስ ሰውዬ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ትቶ መሮጥ ጀመረ። ከሰል የሚያከስሉትም ፊታቸው እንደጠቆረ ከየዛፉ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ግማሹ በአዊኛ ግማሹ በአማርኛ እያለቀሱ ቁልቁል ወረዱ።

«ወየው አያ ፈንቴ! ወየው!»

ክው አልኩ። ሰውየው ደወላቸው በተሠራበት ደቂቃ ሞቱ! ለቅሶ ደግሞ ሃይማኖት የለውም፤ ዕቃዬን ሰብስቤ ተከተልኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ «አይዞን» እላለሁ። ዕንባዬም መጥቷል፣ አልዋሽም።

ስንደርስ የአያ ፈንቴ ግቢ ሞልቷል። ባለቤታቸው ውሃ ሊቀዱ ወርደው ገና አልተመለሱም። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ገብቶ ያየ ሰው ግን የለም፤ ደወል ከተደወለ ምን ይታያል? አቶ ደሴ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡና የበሩ ደፍ ላይ ተደፉ።

«ፈንቴ ወንድሜ! መምቻው ላይ ማረሻ በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ! ማዶ ያለው ደብር ድምፅ ማጉያ ሲገዛ ቀናሁ... የኛም ከዚያ ይብለጥ ብዬ አከበድኩት! ሰብሬው ሳበቃ አንተን አስወነጀልኩህ! ገደልኩህ ወንድሜ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ያኔ ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ።

«ደሴ... እስቲ ጮክ በል። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

የዚያን ጊዜውን ትርምስ ምን ልበላችሁ! አጥር የዘለለ አለ። አንዲት የማላውቃት እናት አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አቶ ደሴም ምን ያድርጉ፣ ከመሬት ሳይነሱ መላውን ነገር ከማረሻው ጀምረው ደገሙት። በዚህኛው ላይ ሁሉም ሰማ።

«በሉ አሁን ደግሞ» አሉ አያ ፈንቴ፣ «በቁሜ የሞት ደወል የደወለብኝ ማነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጥበቃው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እኔ ነኝ አባቴ... ልሞክረው ብዬ ነው።»

«አንድ እየመቱ ዝም፣ አንድ እየመቱ ዝም... እሱ የሞት ነው ልጄ።»

እኔ በምን አውቄ! የምገባበት ጠፋኝ።

ገመዱ ያንኑ ዕለት ለአያ ፈንቴ ተመለሰ። በወሳንሳ እንውሰድዎ ቢሏቸው እምቢ ብለው፣ በአቶ ደሴ ትከሻ ተደግፈው እስከ ደወሉ ሄዱና ራሳቸው ቶሎ ቶሎ እያደረጉ ደወሉት። ሴቶቹ እልል አሉ። ፊታቸው ሲፈካ አይቼ እኔም ደስ ብሎኝ የማደርገው ጠፋኝ።

ልሄድ ስል እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሰይድ ልጄ፣ ብየዳህ ግሩም ነው። የእውነት የሞትኩ ዕለት ግን አንተ እንዳትደውል... ቀባሪ ታሳጣኛለህ።»