በሬዲዮ ፉጨት የታጀበው ባንድ

በዛብህ ለብዙ ዓመት በወታደር ባንድ ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ወርዶ በአንድ ትምህርት ቤት የባንድ መምህር ሆነ። መሣሪያዎቹ አሮጌ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ግን ትንፋሽ አላቸው።

አንድ ቀን በቀፊራ ገበያ ሲያልፍ፣ ሲያድ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ በር ላይ እግሩ ቆመ። ሲያድ ጣቢያ ለመፈለግ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ሬዲዮው ያፏጫል፤ ፉጨቱ ይወጣል፣ ይወርዳል።

"እስቲ ድገመው" አለው በዛብህ።

"ምኑን? ዘፈን እየፈለግኩ እኮ ነው።"

"ዘፈኑን ተወውና ፉጨቱን።"

ሲያድ ሳቀ። "አቦ መምህር! ሰው ይሄ እንዲጠፋለት ነው እኔ ጋ የሚመጣው።"

በዛብህ ግን ፉጨቱ ከክላርኔት ጋር ቢሰማ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈለገ። በትምህርት ቤቱ ቴፕ ቀድቶ በልምምድ ላይ ከፈተው። ምት የሚሰጥበትን እጁን ሲያዘገይ ባንዱ አብሮት ዘገየ፤ ቴፑ ግን ጥሏቸው ሄደ። ደግሞ መብራቱ ሲዳከም ቴፑ ቀስ ይልና ድምፁ ወፍሮ ይወርዳል።

"ጋሼ፣ እኛ ነን የወጣነው ወይስ እሱ ነው የወረደው?" አለች ክላርኔት የምትነፋው ኢስታር።

"ሁለታችሁም። የእናንተን ድምፅ ሙቀቱ ያወጣዋል፣ የእሱን መብራቱ ያወርደዋል።"

ቴፕ እጅ አያይም፤ ሰው ያያል። በዛብህ ወደ ሲያድ ተመለሰ።

"ሬዲዮህን ይዘህ ና። ከኛ ጋር ትጫወታለህ።"

"ወላሂ ኖታ አላውቅም!"

"እጄን ብቻ እይ። ወደ ላይ ስል አውጣው፣ ወደ ታች ስል አውርደው።"

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሲያድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከትሮምቦኖቹ ጎን ተቀመጠ። ፉጨቱ ከክላርኔቶቹ በላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ ሕዝቡ ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንገቱን አሰገገ። መሐል ላይ ግን ቁልፉ አልፎ ሄደና አንድ ጣቢያ ያዘ፤ የሶማሊኛ ዘፈን ግቢውን ሞላው። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሲያድ ደንግጦ ሊያጠፋው ሲል፣ በዛብህ በዐይኑ ከለከለው። ነፊዎቹን ዝም አሰኘና ከበሮውን ብቻ በዘፋኙ ምት አስገባ። ዘፈኑን የሚያውቁ እናቶች ከኋላ ማጨብጨብ ጀመሩ። ትንሽ አቆይቶ ባንዱን መለሰና የጀመሩትን የሰልፍ ማርሽ ጨረሱ።

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩት። "አቶ በዛብህ፣ ይህ ሙዚቃ ነው ወይስ ብልሽት?"

"እኔም እሱን ለማወቅ ነበር የሞከርኩት፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው በበዓል ቀን አይደለም የሚታወቀው" አሉት። ከዚያ ወዲህ በበዓል ማርሽ ብቻ ተነፋ። በልምምድ ቀን ግን ሲያድ ሱቁን ዘግቶ ሬዲዮውን ታቅፎ መምጣቱን አልተወም።

በሚቀጥለው ዓመት በዛብህ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚወጣውን ጩኸት ከትራምፔቶቹ ጋር ማስማማት ጀመረ። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩት የሒሳብ መምህር መስኮታቸውን በብስጭት ይዘጋሉ፤ ነገር ግን የድሬ ሙቀት ነውና ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ይከፍቱታል።