ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ

በቢቸና አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዕለት ገዥው ደጃዝማች ምናሴ አስጠሩኝ። ደጃዝማች የንጉሡ የቅርብ ዘመድ ነበሩ። እጅ ነስቼ ቆምኩ። ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣

«ደብዳቤ ምን ምን አለው?» አሉኝ።

«ሰላምታ፣ ጌታዬ።»

«ሰላምታው ለጎረቤትህ ይሁን። ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ አለው። አንዱ ከጎደለ ጨው ይቋጠርበታል።»

ለወግ ያህል አልነበረም። ከእህታቸው የመጣ የሠርግ ጥሪ ቁጥር የለውም ብለው መልሰውታል። ሠርጉም ያለ እርሳቸው ተበላ። ሥርዓታቸው ሰው ያሳብድ ነበር፤ ግን ድሃ አላንገላቱም፣ መማለጃም አልበሉም። ወደድኳቸው።

ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ የሞጣው ገዥ ሥራቸውን ጥለው ጠፉ። ሌላ እስኪሾም ደጃዝማች ሞጣንም ደርበው እንዲይዙ ታዘዙ። ያዘዘው ሰው የማን ዘመድ እንደሆኑ አያውቅም መሰለኝ።

ከዚያ ያቺ ደብዳቤ ከደርግ መጣች። «ለቢቸና አውራጃ ገዥ፤ የቢቸና አውራጃን ገዥ በቁጥጥር ሥር አውለው ለሞጣ አውራጃ ገዥ እንዲያስረክቡ እናሳስባለን» ትላለች። ስም የሚባል የለባትም። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። በዚያ ሰሞን የታሰሩ መኳንንት ይመለሳሉ ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም።

መዝገብ ላይ ሳላሰፍራት ይዤ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ይቺን ደብዳቤ አላየኋትም። በቅሎዋ ተጭናለች፤ ዛሬውኑ ዓባይን ይሻገሩ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ቁጥር አላት?»

«አላት።»

«ቀን?»

«አላት፣ ጌታዬ።»

«ፊርማ?»

እጄን ዘርግቼ ደብዳቤዋን ልቀበላቸው ሞከርኩ።

«እንግዲያ መዝግባት» አሉና በኅዳጉ ላይ «ለፖሊስ አዛዥ፤ ባስቸኳይ ይፈጸም» ብለው ፈረሙ።

የፖሊስ አዛዡ ሻምበል አንብቦ ላብ በላብ ሆነ።

«ማንን ልያዝ፣ ክቡርነትዎ?»

«እኔን።»

«እሺ፣ ክቡርነትዎ። መኪና ግን የለኝም።»

ያለችው የገዥው ላንድሮቨር ብቻ ነበረች። ደጃዝማች የነዳጅ ማዘዣ ፈረሙለት። ሻምበሉ ከፊት እንዲቀመጡ ቢለምናቸው እስረኛ ቦታው ከኋላ ነው ብለው ፋይሉን ከያዝኩት ከእኔ ጎን ተቀመጡ። በየመንደሩ ሕዝቡ ለላንድሮቨሯ እጅ ሲነሳ ሻምበሉ ከፊት ወንበር ላይ አንገቱን እንደደፋ ሞጣ ደረስን።

የሞጣ ወህኒ ቤት አዛዥ ያለ ገዥው ፊርማ እስረኛ አልቀበልም አለ። የሞጣው ገዥ ደግሞ እርሳቸው ናቸው። ደጃዝማች ብዕር ተቀብለው «ከላይ የተጠቀሰውን እስረኛ በደኅና ተረክቤያለሁ» ብለው ጻፉ፤ ፈርመውም ገቡ። ቅጂውን ይዤ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም።

በዓመቱ ለቢቸና አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመ። ፋይሉን ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህ ትእዛዝ ተሽሯል?»

«አልተሻረም።»

«ስም የለውም እኮ! አሁን የቢቸና ሹም እኔ ነኝ!»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ሰውየው እስር ቤት እስካሉ ድረስ አንድ ቀን በምን እንደታሰሩ የሚጠይቅ መጥቶ ይህን ወረቀት ያወጣዋል፤ ያኔ የምያዘው እኔ ነኝ። ሂድና ይውጡ በል። እኔ ግን አንዲት መስመር አልጽፍም።»

ሞጣ ሄድኩ። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ቃሌን እንደሰማ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ደጃዝማች ለሽሮው ሳይቀር መዝገብ አስከፍተው መድረሻ አሳጥተውት ነበር። እርሳቸው ግን ከመደባቸው አልተነሡም።

«የመፈቻው ትእዛዝ ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉኝ። በጣም ከስተዋል።

«በቃል ነው፣ ጌታዬ።»

«በቃል የገባሁ መሰለህ?»

ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ሄጄ በወህኒ ቤቱ የጽሕፈት መኪና «ይፈቱ» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። ቁጥር ሰጠሁት። ቀን አደረግሁበት። ከዚያ የገዛ ፊርማዬን ፈረምኩ። ነገሩ ቢወጣ የምረሸነው እኔ ነበርኩ።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፊርማዬን ከመዝገብ ላይ ለዓመታት ሲያዩት ኖረዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቁጥር አለው» አሉ። «ቀን አለው።» ወረቀቱን አጠፉት። «ፊርማም አለው።»

ጋቢያቸውን ለብሰው ቀድመውኝ ወጡ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ሠራሁ። ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ያስፈልገዋል። ፊርማው የማን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።